በላት የታሸችው ኳስ

መነጽሬን ላሠራ ደሴ የወጣሁ ቀን ነው። ሠሪው ልጅ «ለዘጠኝ ሰዓት ይደርስልዎታል አባባ» ብሎ ሸኘኝና እስከዚያ የት ልዋል ብዬ ወደ ሰኞ ገበያ አዘገምኩ። ደሴን ያለ መነጽር ማየት ደስ ይላል፤ ፎቁም መስተዋቱም ይደበዝዝና የድሮዋ ከተማ ብቅ ትላለች። አንድ ጥግ ላይ ኮርቻ ጠጋኝ ተቀምጧል። ከጣሳ የበግ ላት በጣቱ እየዛቀ አዲስ የሰፋውን ጠፍር ያሻል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው፤ እኔ አንገቴን አስግጌ እምገዋለሁ። ልብ ብዬ ሳይ ከጎኔ እንደኔው የሚምግ ሌላ ሽማግሌ አለ፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጢሙን ሂና የቀባ፣ ምርኩዝ የያዘ። ኮርቻ ጠጋኙ ሁለታችንንም በተራ አየንና «ምነው አባቶቼ፣ ልጥበስላችሁ እንዴ?» አለን። ሰውየው አልሳቀም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረና፣ ዓይኑን አጥብቦ አይቶ፣ «ይመር ጮማው» አለኝ።

ይህን ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ ብዬ አላስብም ነበር። ዓይኔ ባያየው ድምፁን ለየሁት። ሰይድ ነው፤ የሐይቅ ልጅ፣ የጉርምስና ጓደኛዬ፣ ሀገር ጥሎ ጅዳ ከገባ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወላሂ ዞሬ መሸሽ ነው ያማረኝ። ይህን ሰው ዓይኑን ሳላይ ብሞት ይሻለኛል ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ከኳሷ መጀመር አለብኝ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የነበረችን አንዲት ኳስ ናት። ዛሬ የከተማችን ልጆች ከኳታር ከዱባይ በተላከላቸው ማልያ ተሽሞንሙነው፣ ሦስት አራት ኳስ በመረብ አንጠልጥለው ሲያልፉ ሳይ እንደው ዓይኔ ተከትሏቸው ይሄዳል። የእኛዋ የቆዳ ናት፤ ከአንድ የደሴ ነጋዴ በልመና የተገኘች፣ አፏ እንደ ጫማ በክር የሚታሰር። ሜዳችን ሐይቁ ዳር ስለነበር በቀን አሥር ጊዜ ውኃ ውስጥ ትገባለች። ውኃ የጠጣችን ኳስ በግንባሩ የገጨ ሰው ለሁለት ቀን ስሙን ይረሳል። ስትደርቅ ደግሞ ትሰነጠቃለች። ስለዚህ የበግ ላት እናሻት ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ መርፌውም፣ ክሩም፣ ላቱም የኔ ሥራ ሆነ፤ ኳሷ የምታድርበት ሳጥን ቁልፍም አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ላቷን ጠጥታ ፀሐይ የመታት ቀን ትወዛለች፤ ውኃ አይገባትም፣ በረኛ እጅ ላይም አትቆምም። ሽታዋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከጨዋታ ስንመለስ እናቶቻችን «ዛሬ ደግሞ ማን ቤት በግ ታረደ?» ይሉን ነበር።

እሑድ እሑድ ደሴ እንወጣለን። አውቶቡስ አንድ ብር ነው፤ እሱም ያጠረን ቀን የጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ከረጢት ጋር እንሳፈራለን። ቦሩ ሜዳ ላይ ብርዱ ጥርሳችንን ማንገጫገጭ ይጀምራል፤ ደሴ ስንገባ የጦሳ ተራራ ራሱን በጉም ተከናንቦ እናገኘዋለን። ሆጤ ሜዳ ያኔ አጥር የለው፣ መቀመጫ የለው፤ ሰዉ ዳገቱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቦላሌ ሱሪ የለበሰው፣ ጸጉሩን ያጎፈረው የፒያሳ ጎረምሳ ከፊት፣ ጋቢያቸውን የደረቡት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ቆሎ ሻጮች መሐል ለመሐል። የደሴ ቲፎዞ አፉ አይጣል ነው። ሸራ ጫማህ ከተቀደደ እንደ ቀዳዳው ዓይነት ስም ያወጣልሃል። እኛ ሜዳ ስንገባ ነፋሱ የኳሷን ሽታ ዳገቱ ድረስ ያደርሰውና «ጮማዎቹ መጡ፣ ድንች አምጡ» ብለው ይጮሁብናል። ቀቢው እኔ ስለሆንኩ ጮማው የሚለው ስም በኋላ ለኔ ለብቻዬ ቀረ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ያው የሰደቡን ልጆች ናቸው ክንዳችንን ይዘው ፒያሳ የሚወስዱን። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር። ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ቆመን እናማለን። ከቡና ቤቱ የሚወጣው ዘፈን በባቲ ቅኝት ከሆነ ከመሐላችን የባቲ ዘመድ ያለው ይኮራል፤ በአምባሰል ከሆነ ሁላችንም አንገታችንን እናቀናለን፣ ቅኝቱን እኛ የፈጠርነው ይመስል። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ሻይ ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል። ፎቶ ቤቱ የነበረበትን በር ሁለት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት።

በዓል ሲደርስ የደሴ ሰፈሮችና የዙሪያው ከተሞች ለዋንጫ ይጋጠሙ ነበር። የያኔው ወግ አንደኛው አጋማሽ በአንዱ ቡድን ኳስ፣ ሁለተኛው በሌላው ቡድን ኳስ ነው። በኛ ኳስ ከሆነ ማንም አይችለንም፤ የደሴ በረኛ ይዣታለሁ ሲል ትሙለጨለጭበታለች። አንድ ዓመት እንደ ምንም ብለን ለፍጻሜ ደረስን። ጨዋታው እሑድ ነው። ዓርብ ከሰዓት ኳሷን አውጥቼ፣ ለትልቅ ቀን ነው ብዬ ላቱን ከወትሮው አብዝቼ አሸኋትና ፀሐይ ይምታት ብዬ ሱቃችን በር ላይ ካለው ድንጋይ አስቀመጥኳት። ወዲያው ከወደ ሰርግ ቤቱ የማሲንቆ ድምፅ መጣ። ለዘፈኑ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ ዘይነባ ከሚዜዎቹ አንዷ መሆኗን ሰምቼ ነው። መቶ እርምጃ አይሆንም ብዬ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ፣ ኳሷ ድንጋዩ ላይ። መንገድ ላይ ሰይድን አገኘሁት፤ «ወዴት ነው?» ሲለኝ «መጣሁ» ብዬው አለፍኩ። ከዚያ ዘይነባ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። በቃ፤ ኳስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ረሳሁ። የልጆቼ እናት ዘይነባ ያችን ኳስ ያስበላችን እሷ መሆኗን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ቅዳሜ ጧት ኳሷን ያገኛት አምበላችን ተፈራ ነው፤ ከሜዳው ዳር፣ ቁልቋል ሥር፣ ብጥስጥሷ ወጥቶ። ተፈራ ቁጡ ነበር። ቁርጥራጩን ከፍ አድርጎ ይዞ «በቢላ ነው፤ ደሴዎች ከመሐላችን ሰው ገዝተዋል» ብሎ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አይተው «ልጆቼ፣ ይኸ የውሻ ሥራ ነው» ቢሉ የሰማቸው የለም። እኛ የምንፈልገው ሰው ነበር። ረፋዱ ላይ አውጫጭኝ ተጠራ።

ለማያውቅ ልንገር። አውጫጭኝ ማለት ጥፋት ደርሶ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ የሚቀመጥበት የሀገራችን ሸንጎ ነው። ክብ ሆነህ ትቀመጣለህ፤ ሽማግሌ መርቆ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በተራ እየተነሣህ አላደረግሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብለህ ትምላለህ፣ ወይም የምታውቀውን ታወጣለህ። ሁሉም ሳይዳረስ አይበተንም። ሲያልቅ ሽማግሌው እንደገና መርቆ ይዘጋዋል። ያልተዘጋ አውጫጭኝ እንደተከፈተ ቁስል ነው፤ እኛ አገር ሰው ይፈራዋል። የኛን አንድ ሼህና አንድ ቄስ ሆነው ከፈቱት፤ የቡድኑ ልጅ እስላምም ክርስቲያንም ነበርና። እኔ ተራዬ ቶሎ ደረሰ። «ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው። ምን ትላለህ?» አሉኝ። እውነቱን ላወጣ ተነሣሁ፤ ወላሂ እውነቱን ላወጣ ነበር። ተፈራ በዓይኑ ሲበላኝ ግን ምላሴ ሌላ ተናገረ። «ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ቆልፌባታለሁ» ብዬ ማልኩ። ከኔ በኋላ አምስት ስድስት ሰው ማለ። ከዚያ ሰይድ ጋ ደረሰ።

ሰይድ ሪጎሬ መቺያችን ነበር፤ ፔናሊቲን ያኔ ሪጎሬ ነው የምንለው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የእናቱ አንድ ልጅ። ተነሣና መሬት መሬቱን እያየ «አልምልም» አለ። «እንግዲያው የምታውቀውን ተናገር» አሉት። «አልናገርምም» አለ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱ «ሻጩ ይኸው» አለ። ሰይድ ነጠላ ጫማውን አጠለቀ፣ ክቡን ሰብሮ ወጣ። ሼሁ «እሱ ሲመለስ እንዘጋዋለን» ብለው ተነሡ። እሱ ግን አልተመለሰም። ከደሴ አሰብ፣ ከአሰብ በጀልባ ባሕሩን ተሻገረ ሲባል ሰማን።

እሑድ ያለ ሰይድና ያለ ኳሳችን ሆጤ ሜዳ ገባን። ሁለቱም አጋማሽ በደሴዎች ኳስ ሆነ፤ ቀላል፣ ነጭ፣ ሽታ የሌላት፣ ስንመታት እንደ ፊኛ የምትንሳፈፍ። አንድ ለዜሮ እየተመራን ማለቂያው ላይ ሪጎሬ አገኘን። ተፈራ ዙሪያውን አይቶ ሰው ሲያጣ «ጮማው፣ አንተ ምታ» አለኝ። የላቷን ኳስ በምመታበት ጉልበት መታኋት፤ ዳገቱ ላይ ሄዳ የቆሎ ሻጯ ዘንቢል ውስጥ አረፈች። ደሴ በሙሉ ሳቀብኝ። ያሳመመኝ ሳቁ አልነበረም። ሰይድ ቢኖር ያገባት ነበር።

እኔ ያመንኩት እንዲህ ነው። ሰይድ ወደ ሰርጉ ስሄድ አይቶኛል፤ ኳሷንም ድንጋዩ ላይ አይቷታል፤ በሐሰት ስምልም ሰምቶኛል። አላየሁም ብሎ እንዳይምል አሏህን ፈራ፣ አውጥቶ እንዳይናገር ለኔ ሳሳ፤ ጥፋቴን ተሸክሞልኝ ሀገር ለቀቀ። ከዚህ ወዲያ የደረሰብኝን ክፉ ነገር ሁሉ የጻፍኩት በዚያ መሐላ ነው። የበኩር ልጄ በኩፍኝ ሲማቅቅ መሐላው ነው አልኩ። ጉልበቴ ሲያዝ መሐላው ነው። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ሱቄ ሲዘረፍም ሌላው ሌላውን ሲረግም እኔ ራሴን ረገምኩ። የሰይድ እናት በሕይወት ሳሉ በየዒዱ ቀሚስ በነፃ እሰፋላቸው ነበር። «ከጓደኞቹ ሁሉ ልጄን ያልረሳህ አንተ ብቻ ነህ» ብለው ሲመርቁኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሲሞቱ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ልጃቸው አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሰኞ ገበያ መሐል በምርኩዙ እየመራ ሻይ ቤት ያስገባኝ። ሀገሩ ከገባ ዓመት ሆኖታል፤ ደሴ ሴት ልጁ ዘንድ ነው። «አብሽር፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለኮ» አለኝ። ሻዩ ሳይቀርብ ነው የጀመርኩት፤ ከቀረበ ወኔዬ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። «ሰይድ፣ አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ድንጋዩን፣ ማሲንቆውን፣ ዘይነባን፣ መሐላውን፣ ሁሉንም አወጣሁ። አንዴም ሳያቋርጠኝ ሰማኝና «ድንጋዩ ላይ ረስተሃት ነው የሄድከው?» አለኝ።

«አይተኸኝ የለም እንዴ?»

«አንተን ያየሁህ መንገድ ላይ ስታልፍ ነው፤ ከዚያ ያየሁት ኳሷን ብቻ ነው» አለ። «የእሑዱ ሪጎሬ አስጨንቆኝ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሳያት አንስቻት ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ ፀሐይ ገብታ መግሪብ አዛን እስኪል ብቻዬን ስመታት ቆየሁ። ስመለስ ሱቃችሁ ዝግ ነው። ከበሩ አጠገብ ካለው ግንድ ኋላ ወሸቅኳትና ሄድኩ። ውሻ ያገኛታል ብዬ በየት በኩል ላስብ? በማግስቱ አንተ ተነሥተህ ቆልፌባታለሁ ስትል፣ ይመር ስወስዳት አይቶኝ ኖሮ እኔን ሊያድን በሐሰት ማለልኝ አልኩ። በሐሰት ብምል ለአኼራዬ ፈራሁ። እውነቱን ባወጣ አንተን ሐሰተኛ ላደርግህ ነው። አፌን ዘግቼ ወጣሁ።»

«አርባ ዓመት?»

«አርባ ዓመት። ከየሰላቱ በኋላ ላንተ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ለኔ ሲል ማለ እያልኩ።»

ሽማግሌ ሰው ነኝ፤ ሻይ ቤት መሐል አለቀስኩ። ሰይድም አለቀሰ። ሻይ ቀጂዋ ልጅ ሰው የሞተብን መስሏት ሁለት ብርጭቆ ውኃ አምጥታ «አሏህ ያጽናችሁ» አለችን፤ እሷን ላለማሳፈር አሚን አልን። ከዚያ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረው ነገር ሲነሣ ታወቀኝ። እስትንፋሴ እስከ ሆዴ ወረደ። እንዲህ ዓይነት እስትንፋስ መኖሩን ረስቼው ነበር።

«አውጫጭኙ ግን አልተዘጋም» አለ ሰይድ። ሼሁም ቄሱም ከሞቱ ቆይተዋል። «ተፈራስ አለ?» አለኝ። መንኩሶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መግባቱን ስነግረው «ያ ቁጡ?» አለ። «ያ ቁጡ» አልኩት። በዚያው ተነሣን። መነጽሬ ትዝ ያለኝ ቦሩ ሜዳን ካለፍን በኋላ ነው።

ገዳሙ ሐይቁ ውስጥ በገባው ምድር ላይ ነው፤ ከከተማው በእግር ይኬዳል። ሁለት ምርኩዝ ይዘን፣ ሦስት ቦታ ዐረፍን። የምንኩስና ስማቸው ሌላ ነው፤ እኔ ግን አባ ተፈራ እያልኩ ነው የኖርኩት። ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘናቸው። ጢማቸው ደረታቸው ደርሷል፤ ትከሻቸው ግን ያው የአምበሉ ትከሻ ነው። እኔን አይተው «ጮማው፣ ዛሬ ማንን አስከትለህ መጣህ?» አሉ። «ሪጎሬ መቺዎ ነኝ አባ» አላቸው ሰይድ። ዶማቸውን ጣሉት። ለረጅም ጊዜ አንገቱን አቅፈው ቆዩ፤ ከዚያ ለምን እንደመጣን ስነግራቸው እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉና «ተቀመጡ» አሉን። ሦስት ሰው ክብ አይሠራም፤ ግን ፊት ለፊት ተያይተን ተቀመጥን። አባ ተፈራ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ያቆምነው ሰይድ ላይ ነበር» አሉ። «ሰይድ፣ ተራህ ነው።»

ሰይድ በምርኩዙ ተደግፎ ቆመ። ሻይ ቤት ያለኝን አንድም ሳያስቀር ተናገረና ተቀመጠ። እኔም ሳልጠየቅ ተነሥቼ የማልኩትን መሐላ በሐሰት እንደማልኩ አወጣሁ። እንዲቆጡን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ከሰይድ ቀጥሎ ማን ነበር የተቀመጠው?» አሉ። እኔ ረስቻለሁ። ሰይድ አልረሳም። «እርስዎ ነበሩ አባ።»

«እኔ ነበርኩ። ተራዬ አልደረሰም።» ተነሥተው ቆሙ። «ያን ጧት በቢላ ነው ብዬ ከጮህኩ በኋላ እህል ልቀምስ ቤት ገባሁ። ውሻዬ ደጃፍ ላይ ሲያስመልስ አገኘሁት። ቆዳው ከነክሩ ወጣ፤ ያንተው ሰማያዊ ክር፣ ይመር። ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቃል። እኔ የጮህኩ ሰውዬ ምን ብዬ ልመለስ? ተራው ወደኔ ሲቀርብ አላየሁም ብዬ ልምል ቆርጬ ነበር። ሰይድ ተነሥቶ ሲወጣ እኔን ከሐሰት መሐላ አወጣኝ። ሰኞ ደሴ ሄጄ ፈለግሁህ፤ አልፈሃል አሉኝ። የመነኮስኩት ለዚህ ብዬ አይደለም። ስገባ ግን ይኸንንም ተሸክሜ ነው የገባሁት።»

ሰይድ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ ጠቆረ፤ እኔም ፈራሁ። «እናቴን አልቀበርኩም» አለ ቀስ ብሎ። አባ ተፈራ ወድቀው ጉልበቱን ያዙ። ውኃው ላይ ወፎች ይጮሃሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሰይድ በሁለት እጁ አነሣቸውና «ውሻው ምን ሆነ?» አላቸው።

«ምን ይሆናል፣ ዳነ። ጠጉሩ አብረቅርቆ ስምንት ዓመት ኖረ።»

መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው። ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም፤ ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ፤ እኔ ጎኔን ይዤ፣ አባም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተከተልን። ከዚያ አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፣ እኛ ለዱዓ እጃችንን ዘረጋን። በምን ቃል እንደመረቁን አሁን ብጠየቅ አላስታውስም። «ተዘግቷል» ያሉትን ብቻ ሰማሁ። ሰይድ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና «ነገ እናቴ መቃብር ትወስደኛለህ» አለኝ።

ልንወጣ በሩ ጋ ስንደርስ ከኋላ «ይመር» አሉ አባ ተፈራ። «አቤት አባ» ብዬ ዞርኩ። ዶማቸውን አንስተዋል፤ ድምፃቸው ውስጥ ያ የድሮው የአምበል ቁጣ ትንሽ ብልጭ አለ።

«ላቱን ግን አብዝተኸው ነበር» አሉኝ።